የሽንኩርት ህዋስ በጨው ውሃ ለምን አልተኮማተረም? (ስለ ሜምብሬን፣ ስለ ግድግዳና ስለ ውሃ)

ጠያቂ_21 | ቁ. 1

ሰላም ለሁላችሁ። የፕላዝሞሊሲስ (የህዋሱ ውስጥ ውሃ አጥቶ ከግድግዳው የሚላቀቅበት) ሙከራ አልሠራ ብሏል። አካሄዱ ይሄ ነው፦ የሽንኩርት የውስጠኛው ስስ ልጣጭ፣ ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ አዮዲን፣ ከቨር ስሊፕ (ስሷ መሸፈኛ መስታወት)፣ 10 ደቂቃ ቆይታ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ ኒውክለሱ ቡናማ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ 5 በመቶ የጨው ውሃ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን በወረቀት ሲመጠጥ የህዋሱ ውስጥ ከግድግዳው ተላቅቆ መሰብሰብ ነበረበት። ግማሽ ሰዓት ቢጠበቅም ንቅንቅ የለም።

ጨዉ አንሶ ነው? 10 በመቶ ይደረግ? ሌላው ጥያቄ ደግሞ፣ በማይክሮስኮፕ ዙሪያውን የሚታየው መስመር ግድግዳው ነው ወይስ ሜምብሬኑ (ከግድግዳው ሥር ያለው ስስ ሽፋን)?

ሌንስ_አርባ | ቁ. 2

ጨዉን አትንካው፣ ጥፋቱ የጨዉ አይደለም። አዮዲኑን አስቀድመህ ህዋሱን ገድለኸዋል።

አዮዲን ሲያቀልም የህዋሱን ፕሮቲኖች እያበላሸ ነው። ሜምብሬኑ ላይ ያሉትም አብረው ይበላሻሉና ሽፋኑ ማፍሰስ ይጀምራል። የሚያፈስ ሽፋን ጨዉንም ውሃውንም ስለሚያሳልፍ በውስጥና በውጭ መካከል ልዩነት ይጠፋል፤ ልዩነት ከሌለ ውሃው ለምን ብሎ ይወጣል? 20 በመቶ ብታደርገውም ያው ነው። ፕላዝሞሊሲስ የሚታየው በህይወት ባለ ህዋስ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ የዕፅዋት ህዋስ መሞት አለመሞቱን ለመለየት ራሱ ሙከራው ያገለግላል።

እንዲህ አድርገው። መጀመሪያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ሽንኩርት ምረጥ። ሥጋማውን ቅርፊት አንዱን ለይተህ የውጭውን፣ ማለትም የጎበጠውን ገጽ ተጠቀም፤ ቀለሙ ያለው እዚያ ነው። የውስጠኛው ገጽ ለመላጥ ቢቀልም ቀለም የለውም፣ ስለዚህ የሚሰበሰበው ነገር ለዓይን አይለይም። በምላጭ 5 ሚሊሜትር በ5 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ጫር ጫር አድርገህ ጥግዋን በወረንጦ ያዝና ጎትት። ወዲያው ውሃ ጠብታ ላይ አሳርፋት፤ ለ1 ደቂቃ እንኳ አየር ላይ ከቆየች መድረቅ ትጀምራለች። ከቨር ስሊፑን በአንድ ጠርዙ አስነክተህ ቀስ ብለህ አጋድመው፣ ከላይ ከጣልከው የአየር አረፋ ይሞላብሃል (ጥቁር ወፍራም ጠርዝ ያለው ክብ ነገር ካየህ እሱ አረፋ ነው እንጂ ህዋስ አይደለም)።

መጀመሪያ በ10 እጥፉ ሌንስ ቀለማቸው ሙሉ የሆኑ ህዋሶች ያሉበትን ቦታ ፈልገህ አስተካክል። ከዚያ ነው ጨዉ የሚገባው። 5 ግራም ጨው ሟሙቶ በጠቅላላው 100 ሚሊሊትር የሆነ ውሃ በቂ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ወይን ጠጁ ክፍል ከማዕዘኖቹ መሸሽ ይጀምራል፣ እየጠበበም ሲሄድ ቀለሙ ይጠቁራል። መጠቆሩ ቀለም ስለተጨመረ አይደለም፤ ያው ቀለም በትንሽ ውሃ ስለቀረ ነው።

አዮዲን ከፈለግክ በመጨረሻ፣ ኒውክለሱን ለማሳየት ብቻ።

የጠብታ_ነገር | ቁ. 3

ሌንስ_አርባ ያለው ላይ ትንሽ ልጨምር። የጨው ውሃው አንዴ ብቻ ተጨምሮ ከተተወ ከቨር ስሊፑ ሥር ካለው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፤ 5 በመቶ ያልከው 2 ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምሮ መምጠጥ ነው። ወረቀቱ ልጣጩን ሳይሆን የከቨር ስሊፑን ጠርዝ ይንካ፣ አለዚያ ልጣጩን ጎትቶ ከእይታ ያወጣዋል።

ደግሞ በምላጩ ጠርዝ ላይ ያሉትን ህዋሶች አትቁጠሩ። የተቆረጡና የተጨፈለቁ ስለሆኑ ምንም አያደርጉም። ከጠርዙ ቢያንስ አምስት ስድስት ረድፍ ገባ ብሎ ማየት ይሻላል።

ጠያቂ_21 | ቁ. 4

አመሰግናለሁ! ቅደም ተከተሉ እንዲህ ለውጥ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም። በነገራችን ላይ ሴት ነኝ :)

ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። አሁን ደግሞ ሦስተኛ መጣ፦ የተሰበሰበው ክፍልና ግድግዳው መካከል የሚቀረው ነጭ ክፍተት ምንድን ነው? አንዱ ማስታወሻ «ባዶ ቦታ» ይላል፣ ሌላው «ውሃ»፣ ሌላው «አየር»።

ናኖሜትር | ቁ. 5

ሦስቱም ተሳስተዋል። ክፍተቱን የሞላው አንቺ የጨመርሽው የጨው ውሃ ራሱ ነው።

የህዋስ ግድግዳው በአብዛኛው የሴሉሎስ ክሮች መረብ ነው። ለውሃና ለጨው ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ጨዉ ያለ ምንም ከልካይ ዘልቆ እስከ ሜምብሬኑ ይደርሳል። የሚታገደው እዚያ ነው። ስለዚህ ውሃው ከሜምብሬኑ ወደ ውጭ ሲወጣ ቦታውን ከውጭ የመጣው የጨው ውሃ ይይዘዋል። አየር ቢሆን ኖሮ ጠርዙ እንደ አረፋ ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። ይሄ ፈተና ላይ የሚወድቁበት ጥያቄ ነው፣ ያዢው።

ሜምብሬኑን በተመለከተ፦ የምታዪው መስመር ግድግዳው ነው። ሜምብሬኑን በዚያ ማይክሮስኮፕ አታዪውም፣ ማንም አያየውም። ስሌቱ ይሄው። ሌንስ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያሳይበት ትንሹ ርቀት በግምት 0.61 ሲባዛ በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት፣ ሲካፈል በሌንሱ ጎን ላይ ለተጻፈው የኒውመሪካል አፐርቸር ቁጥር ነው። የተለመደው 40 እጥፍ ሌንስ ላይ 0.65 ተጽፏል። አረንጓዴ ብርሃን 550 ናኖሜትር ነው እንበል፦ 0.61 × 550 ÷ 0.65 = 516 ናኖሜትር። ግማሽ ማይክሮሜትር ማለት ነው። በዘይት የሚሠራው 100 እጥፍ ሌንስ፣ 1.25 የተጻፈበት፣ 268 ናኖሜትር ያደርሳል። የሜምብሬኑ ውፍረት ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ነው። 30 እጥፍ ይጎድልሻል፤ ምስሉን በካሜራ ብታሳድጊው ብዥታው ይሰፋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም።

ታዲያ ጨው ውስጥ የተሰበሰበው ወይን ጠጅ ነገር ጠርዝስ? እሱም ሜምብሬኑ አይደለም። ቀለሙ ያለው ቫኩዎሉ (የህዋሱ ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት) ውስጥ ነው፤ ቫኩዎሉን የከበበው ቶኖፕላስት የሚባል የራሱ ሽፋን አለ። ጠንቀቅ ብለሽ በ40 ካየሽ ከወይን ጠጁ ጠርዝ ወደ ውጭ አንዲት ቀጭን ቀለም አልባ ንጣፍ አለች፤ አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ ኒውክለሱ ባለበት፣ ወፈር ትላለች። ያቺ ሳይቶፕላዝሙ ናት። ሜምብሬኑ የእሷ የውጭ ጫፍ ነው። ያደገ የሽንኩርት ህዋስ ሦስት ሩብ አንድ ሜትር... ይቅርታ፣ ሦስት አስረኛ ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፣ አብዛኛው ግን ቫኩዎል ነው፤ «ሥራው የሚሠራበት» ሳይቶፕላዝም ግድግዳው ላይ እንደተቀባ ስስ ቀለም ያህል ነው።

ወንፊት | ቁ. 6

ሜምብሬን ሲባል ቀላል ነገር ነው፣ ወንፊት ማለት ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች ያልፋሉ፣ ትላልቆቹ ይቀራሉ። ውሃ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፣ ጨው ትልቅ ስለሆነ አያልፍም።

ናኖሜትር | ቁ. 7

ስምህ ወንፊት ስለሆነ አልፈርድብህም :) ግን አይደለም።

የሶዲየም አየን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) ራዲየስ 0.1 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ ከውሃ ሞለኪውል ያነሰ። ወንፊት ቢሆን ሶዲየም ቀድሞ ነበር የሚያልፈው። ነገር ግን በንጹህ የስብ ንጣፍ ላይ ውሃ ከሶዲየም በቢሊዮን እጥፍ ይበልጥ ይፈጥናል። ወሳኙ መጠን ሳይሆን ኤሌክትሪክ ሙል ነው። አየን ውሃ ውስጥ ሲኖር የውሃ ሞለኪውሎች ዙሪያውን ተጣብቀውበት ተረጋግቶ ነው። የሜምብሬኑ መሐል ደግሞ ዘይት ነው። ወደዚያ ለመግባት ያንን የውሃ ልብስ ማውለቅ አለበት፣ ለዚያ የሚከፍለው ጉልበት ከአቅሙ በላይ ነው። ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አልኮል ግን ዘይት ውስጥ መግባት አይከብዳቸውምና ዝም ብለው ያልፋሉ። አልኮል ከሶዲየም ይበልጣል፤ ሆኖም ያልፋል።

ሽፋኑ ሁለት ድርብ መሆኑ የታወቀው በሚገርም መንገድ ነው። ሆላንዳውያኑ ጎርተርና ግሬንደል በ1925 (እ.ኤ.አ.) ከቀይ የደም ህዋሶች ስቡን በአሴቶን አውጥተው ውሃ ላይ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያህል ዘረጉት። የተዘረጋው ስፋት ከህዋሶቹ ገጽ ስፋት ሁለት እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ ሁለት ንጣፍ ነው አሉ። ቀይ የደም ህዋስን የመረጡት ኒውክለስም ሆነ ሌላ የውስጥ ሽፋን ስለሌለው ነው፤ የተገኘው ስብ ሁሉ ከውጭ ሽፋኑ ብቻ ነው። የሚያስቀው፣ አሴቶኑ ስቡን ሁሉ አላወጣም ነበር፣ የህዋሱንም ገጽ ስፋት አሳንሰው ነበር የለኩት። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛውን 2 ሰጡ።

ባዮኬም | ቁ. 8

ናኖሜትር ያልጠቀሰው አንድ ነገር አለ። ውሃ በስቡ በኩል ማለፍ ቢችልም፣ ብዙ ህዋሶች በዚያ ፍጥነት አይረኩም። አኳፖሪን የሚባል የፕሮቲን ቱቦ አላቸው። ፒተር ኤግሬ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን አሳይቶ በ2003 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። አንድ ቱቦ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ያህል የውሃ ሞለኪውል ያሳልፋል፤ ውሃዎቹ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ነው የሚገቡት። ፕሮቶን ግን አያሳልፍም። ቢያሳልፍ ኖሮ ማይቶኮንድሪያና መሰሎቹ ኤቲፒ (የህዋሱን የጉልበት ሞለኪውል) የሚሠሩበት የፕሮቶን ልዩነት ይፈስስ ነበር።

ሰባት_ማይክሮን | ቁ. 9

ጤና ይስጥልኝ። ከሽንኩርቱ ትንሽ ልውጣና፣ የደም ህዋስ ላይ የሚጠየቀው የጨው ውሃ 0.9 በመቶ የሆነው ለምንድን ነው? ደግሞ ህዋሱ የሚፈነዳው በ0.8 ሳይሆን ወደ 0.45 ሲወርድ ነው ይባላል። ውሃ ከገባበት ወዲያውኑ አይፈነዳም እንዴ?

መምህር_ኢንዛይም | ቁ. 10

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በወረቀትና በእርሳስ ይወጣል፣ ላሳይህ።

0.9 በመቶ ማለት በሊትር 9 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ። 9 ÷ 58.44 = 0.154 ሞል። ሲሟሟ ሁለት አየን ስለሚሆን 0.308 ኦስሞል (የሟሚ ቅንጣቶች ብዛት በሞል)። የደም ፕላዝማ 0.290 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በተግባር እኩል ናቸው።

አሁን ህዋሱ። ጤነኛ ቀይ የደም ህዋስ መጠኑ 90 ፌምቶሊትር (1 ፌምቶሊትር 1 ኩብ ማይክሮሜትር ነው)፣ የገጹ ስፋት ወደ 140 ካሬ ማይክሮሜትር ነው። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ሜምብሬኑ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። ስፋቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ከጨመረ ይቀደዳል። ነገር ግን ህዋሱ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቆዳው ከሚይዘው በላይ ሰፊ ነው፤ ሞልቶ ኳስ እስኪሆን ድረስ ቆዳው ሳይለጠጥ መቀበል ይችላል። 140 ካሬ ማይክሮሜትር ገጽ ያለው ኳስ ራዲየሱ 3.34 ማይክሮሜትር ነው፤ መጠኑ 156 ፌምቶሊትር። የመጨረሻው ገደብ ይሄ ነው።

ከ90ው ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው እንበል፦ 63 ውሃ፣ 27 ሄሞግሎቢንና ሌላው። የውጩ ጨው በግማሽ ቢቀንስ፣ ማለትም 0.45 በመቶ ቢሆን፣ ውስጡም እኩል እስኪሆን ውሃው እጥፍ ይሆናል፦ 126 + 27 = 153። ከ156 ጋር አስተያየው። ገደቡ አፋፍ ላይ ነው። ለዚህ ነው በ0.8 ምንም የማይሆነው፤ በ0.5 እና በ0.45 መካከል ደካሞቹ መፍረስ ይጀምራሉ፣ ወደ 0.3 ሲወርድ ሁሉም ፈርሰው ያልቃሉ። ሁሉም በአንድ ቁጥር ላይ የማይፈርሱት ዕድሜያቸውና ቅርጻቸው ስለሚለያይ ነው።

ይሄንኑ ስሌት ወደ ሕክምና ብታመጣው፣ በዘር በሚተላለፈው ስፌሮሳይቶሲስ ህዋሶቹ ከመጀመሪያው ወደ ኳስ የተጠጉ ናቸው። ትርፍ ቆዳ የላቸውም። ስለዚህ ከ0.5 በላይ ባለ ጨው ላይ ገና መፍረስ ይጀምራሉ፣ ምርመራውም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ለመሥራት ከፈለግክ፦ ከ0.9 ጀምሮ እስከ 0.1 ድረስ ደረጃ በደረጃ የቀጠነ የጨው ውሃ፣ በየቱቦው 5 ሚሊሊትር። እንዳይረጋ ሄፓሪን የተጨመረበት ደም 50 ማይክሮሊትር በየቱቦው። አትናጠው፣ ገልበጥ ገልበጥ ብቻ፤ በኃይል መናጥ ራሱ ያፈርሳቸዋል። 30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት፣ ከዚያ ሴንትሪፉጅ፣ ላይኛውን ፈሳሽ በ540 ናኖሜትር ማንበብ። ሴንትሪፉጅ ከሌለ ከቱቦው ኋላ የታተመ ጽሑፍ አስቀምጥ፦ ህዋሶቹ ካልፈረሱ ፈሳሹ ደብዛዛ ስለሆነ ፊደሉ አይነበብም፣ ከፈረሱ ፈሳሹ ቀይ ግን ጥርት ያለ ነውና ይነበባል። ደም ነውና ጓንት ግዴታ ነው።

ሰባት_ማይክሮን | ቁ. 11

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ተብራርቶ አይቼው አላውቅም። አንድ ነገር ይጨምሩልኝ፦ ታዲያ 0.3 ኦስሞል የሆነ ማንኛውም ሙሙት ለህዋሱ እኩል ነው ማለት ነው?

ባዮኬም | ቁ. 12

መምህር እስኪመለሱ እኔ ልሞክር። አይደለም፣ በጣም የተለመደው ስህተትም ይሄ ነው። ዩሪያ በሊትር 18 ግራም ብታሟሟ 0.3 ኦስሞል ይሆናል፤ በቁጥር ከ0.9 በመቶ ጨው ጋር አንድ። ግን ደም ብትጨምርበት በሰከንዶች ውስጥ ይጠራል፤ ህዋሱ ፈርሷል። ቀይ የደም ህዋስ ዩሪያ አሳላፊ ፕሮቲን አለው። ዩሪያው ሰተት ብሎ ይገባል፣ ውጭና ውስጥ እኩል ይሆናል፣ ያኔ ውስጥ ብቻ የቀሩት የህዋሱ የራሱ ሟሚዎች ውሃውን ይስባሉ። ለህዋሱ ዩሪያው እንደሌለ ነው፤ በተጣራ ውሃ ውስጥ እንደገባ ይፈነዳል።

ስለዚህ ሁለት ቃል ለዩ፦ ኦስሞላሪቲ የሟሚ ቆጠራ ነው፣ ቶኒሲቲ ግን ህዋሱ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የሚቆጠረው ማለፍ የማይችለው ብቻ ነው።

ሽንኩርቱም ላይ ይሄን ማየት ይቻላል። በስኳር ፋንታ ዩሪያ ወይም ግሊሰሮል ጠንከር አድርገሽ ብትሰጪው መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ራሱ ይመለሳል፤ ሟሚው እየገባ ነው። በስኳር ግን ተኮማትሮ ይቆያል።

መምህር_ኢንዛይም | ቁ. 13

ባዮኬም የመለሰው ትክክል ነው፣ የምጨምርበት የለኝም። ግን አንድ የተዘለለ ነገር አለ፦ የእንስሳ ህዋስ ግድግዳ ሳይኖረው ዕድሜውን ሙሉ ለምን አያብጥም?

የሽንኩርቱ ህዋስ በንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃ ይገባበታል፣ ያብጣል፣ ግድግዳው ይይዘዋል፤ ግፊቱ ሲመጣጠን መግባቱ ይቆማል። የእንስሳ ህዋስ ይሄ መደገፊያ የለውም። ውስጡ ግን መውጣት የማይችሉ ፕሮቲኖች፣ ከነእነሱም ጋር ሙላቸውን የሚያመጣጥኑ አየኖች አሉ። ዝም ቢባል ሶዲየም ቀስ በቀስ ሲገባ፣ ክሎራይድ ሲከተለው፣ ውሃም ሲከተላቸው ማበጡ አይቀርም። የሚከላከለው የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፑ ነው። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ነው። በአንድ ኤቲፒ 3 ሶዲየም ያወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። በሒሳብ አንድ አየን በየዙሩ ወደ ውጭ ይተርፋል። ሶዲየም በገባ ቁጥር ስለሚያስወጣው፣ ሶዲየም ለህዋሱ «የማያልፍ» እንደሆነ ያህል ይቆጠራል።

ኤቲፒ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከዚህ ይገባል፦ ደም የተቋረጠበት ህብረ ህዋስ መጀመሪያ ከሚያሳያቸው ለውጦች አንዱ የህዋሶቹ ማበጥ ነው። ፓምፑ ቆመ፣ ሶዲየም ገባ፣ ውሃ ተከተለ። የተከማቸ ደምም እንዲሁ፤ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ፓምፑ ቀሰስ ስለሚል ፖታሲየም ወደ ውጭ እየፈሰሰ ይሄዳል።

ሌንስ_አርባ | ቁ. 14

ጠያቂ_21፣ ሙከራው ከተሳካልሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድ ትችያለሽ፦ የሽንኩርቱ ህዋስ የራሱ ኦስሞቲክ ግፊት ስንት እንደሆነ መለካት። የሚያስፈልገው ስኳር ብቻ ነው፣ ጨው ለዚህ አይሆንም (ወደኋላ እነግርሻለሁ)።

አንድ ሞላር ሱክሮስ አዘጋጂ። 34.2 ግራም ስኳር መዝነሽ በትንሽ ውሃ አሟሚ፣ ከዚያ ጠቅላላው 100 ሚሊሊትር እስኪሆን ድረስ ሙዪው። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው፤ 34.2 ግራሙ ላይ 100 ሚሊሊትር ውሃ ይጨምራል። ስኳሩ ራሱ 21 ሚሊሊትር ያህል ቦታ ስለሚይዝ ውጤቱ 1 ሞላር ሳይሆን 0.83 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል።

ከሱ 0.1፣ 0.2፣ 0.3 እያልሽ እስከ 0.7 አቅጥኚ። ለምሳሌ 0.4 ለማግኘት 4 ሚሊሊትር ከሙሙቱ፣ 6 ሚሊሊትር ውሃ። በየዕቃው አንዳንድ ቁራጭ ልጣጭ 30 ደቂቃ ይቀመጥ። ስላይድ ላይ ስታሳርፊው በውሃ ጠብታ ሳይሆን በዚያው ሙሙት ጠብታ ይሁን፣ አለዚያ ገና ሳታዪው ይመለስብሻል። በየአንዳንዱ ቢያንስ 50 ህዋስ ቁጠሪ፤ አንዲት ጥግ ብትላቀቅም ተቆጥሯል።

ግማሾቹ የተላቀቁበት ሙሙት ነው የሚፈለገው። እዚያ ላይ ግድግዳው መግፋት አቁሟል፣ የውስጡና የውጩ እኩል ሆኗል። 0.4 ሆነ እንበል፤ በ20 ዲግሪ 0.4 × 0.0831 (የጋዝ ቋሚ ቁጥር) × 293 (ሙቀቱ በኬልቪን) = 9.7 ባር። የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር ነው። ህዋሱ በንጹህ ውሃ ውስጥ ሲሞላ አራት የመኪና ጎማ ያህል ግፊት ግድግዳው ላይ አለ ማለት ነው። ቀጥ ያለ ግንድና የጠወለገ ቅጠል ልዩነታቸው ይሄ ግፊት ነው።

5 በመቶው ጨው ለምን ቶሎ እንደሠራም አሁን ይታይሻል፦ 50 ÷ 58.44 = 0.86 ሞላር፣ በሁለት አየን 1.7 ኦስሞል። ከህዋሱ 4 እጥፍ በላይ ነው። ለማሳየት ጥሩ፣ ለመለካት ግን መዶሻ ነው።

ጠያቂ_21 | ቁ. 15

በጣም አመሰግናለሁ፣ ማስታወሻዬ ላይ ሁሉንም አስፍሬዋለሁ። ሁለት ጥቃቅን ጥያቄዎች፦ በ40 ሌንስ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ማይቶኮንድሪያ ናቸው? ደግሞ ጨዉን አጥቤ የተጣራ ውሃ ስሰጠው አንዳንዶቹ ህዋሶች ይመለሳሉ፣ አንዳንዶቹ ቀለማቸው በአንዴ ይፈስሳል። ለምን?

የጠብታ_ነገር | ቁ. 16

ነጠብጣቦቹ በብዛት የዘይት ጠብታዎችና ሌሎች ቅንጣቶች ናቸው፤ ብርሃን ስለሚሰብሩ ያበራሉ። ማይቶኮንድሪያ ስፋቱ ከግማሽ እስከ 1 ማይክሮሜትር ነው፣ ናኖሜትር ባሰላው መሠረት የሌንሱ ወሰን ላይ ነው፣ በዚያ ላይ ጥርት ያለ ነው። ለማየት ጃነስ ግሪን ቢ የሚባለውን ቀለም እጅግ አቅጥኖ፣ 0.01 በመቶ አካባቢ፣ በህይወት ባለ ህዋስ ላይ ነው። በመተንፈሻ ኢንዛይሞቹ ምክንያት ማይቶኮንድሪያው ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ሌላው ሳይቶፕላዝም ላይ ቀለሙ ይጠፋል። ህዋሱ ከሞተ ሁሉም ቦታ ይቀለምና ዋጋ የለውም። መንቀሳቀሳቸው ግን ጥሩ ምልክት ነው፤ ሳይቶፕላዝሙ እየፈሰሰ ነው፣ ህዋሱ አለ። ንቅናቄው ከቆመ ጨው ማስገባት አያዋጣም።

ዲያፍራሙንም ጠበብ አድርጊው፤ ዝርዝሩ ትንሽ ቢቀንስም ጥቁርና ነጩ ይለያል።

ናኖሜትር | ቁ. 17

ቀለሙ በአንዴ የፈሰሰበትን እኔ ልመልስ፣ ከላይ መምህር ከሰጡት ቁጥር ጋር ይያያዛል።

ህዋሱ ሲኮማተር ሜምብሬኑ ስፋቱን ይዞ አይታጠፍም፤ ትርፉን በጥቃቅን ከረጢቶች እየቆነጠረ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ የተኮማተረው ህዋስ የገጽ ስፋቱ በእርግጥ ቀንሷል። አሁን በድንገት የተጣራ ውሃ ስትሰጪው መጠኑ በሰከንዶች ውስጥ ያድጋል፣ ከረጢቶቹ ግን በዚያ ፍጥነት ወደ ሽፋኑ ተመልሰው አይገጥሙም። ሽፋኑ በራሱ መለጠጥ የሚችለው ደግሞ እነዚያኑ ጥቂት በመቶ ነው። ይቀደዳል። ቀስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ከረጢቶቹ እየተመለሱ ስፋቱን ይተኩ ነበር።

ስለዚህ ከ5 በመቶ በቀጥታ ወደ ውሃ አትውረጂ። ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 1.5፣ ከዚያ ወደ ውሃ፣ በየደረጃው 5 ደቂቃ። ብቻውን ያለ ሶዲየም ክሎራይድ ሜምብሬኑን በጊዜ ብዛት ይጎዳዋልና ጨው ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዪው፤ ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ ቢጨመርበት ይረጋጋል። ሌንስ_አርባ ለመለካት ስኳር ያለውም በዚሁ ነው፤ ጨው አየን ነው፣ ሱክሮስ ግን ሙል የለውም፣ ሽፋኑ ላይ ረጋ ያለ ነው።

ደግሞ እስቲ ከመመለስሽ በፊት፣ ገና ሲላቀቅ ያለውን ቅርጽ አስተውዪ። መጀመሪያ ጠርዙ ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ እዚህም እዚያም ከግድግዳው ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ቆየት ብሎ ክብ ይሆናል። በመሐል ከግድግዳው ጋር የቀሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች አሉ፣ ሄክት በ1912 (እ.ኤ.አ.) የገለጻቸው፣ በስሙም የሄክት ክሮች ይባላሉ። በተራ ማይክሮስኮፕ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚታዩት። ቅርጹ ገና ጎባጣ እያለ የመለስሻቸው ህዋሶች ክብ ከሆኑት ይበልጥ ይተርፋሉ።

ሌንስ_አርባ | ቁ. 18

ቁ. 5 ላይ «ሦስት ሩብ አንድ ሜትር» የሚለውን ናኖሜትር ራሱ አርሞታል፣ ግን ሳየው ሽንኩርቱን ፈልጌ ነበር :)